ለባጃጅ የቱ ዘይት ይሻላል? የታሸገው ወይስ ከበርሜል የሚቀዳው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው «የበርሜሉ ረከስ ይላል፣ ምን አለበት?» ማለቱ አይቀርም። አለበት። የታሸገውን ይግዙ፤ ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ የውፍረት ደረጃው 20ደብልዩ-50 (20W-50) የሆነና «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል፣ ፍሪሲዮን እንደማያንሸራትት የሚያሳይ ምልክት ያለበትን።

ዋጋውን እናስላው። የበርሜሉ ሊትር 500 ብር ቢሆንና በ1,000 ኪሎ ሜትር ቢያልቅለት፣ ለኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም ነው። የታሸገው 800 ብር ሆኖ 2,000 ቢያስኬድ 40 ሳንቲም። የፍሪሲዮን ሸራና ጋራዥ ቆሞ የሚውልበት ቀን ገና አልተደመረም።

ፍሪሲዮን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የበርሜሉ ዘይት ለየትኛው ሞተር እንደተሠራ አይታወቅም። ለቤንዚን መኪና ከሆነ ነዳጅ እንዲቆጥብ የሚያሟልጭ ቅመም ሊኖርበት ይችላል። መኪና ላይ ችግር የለውም፤ የባጃጅ ፍሪሲዮን ግን እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ነው ያለው። ሸራው ይንሸራተታል፤ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሲወጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ አይሄድም።

የደሴን ብርድ ፈርቶ ቀጭን ዘይት የሚፈልግም አለ። 20ደብልዩ ለብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ ደሴ እዚያ አይደርስም። የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው፤ ባጃጅ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይቱ ነው።

የታሸገም ቢሆን ተመሳስሎ የተሠራ ሐሰተኛ አለ። የክዳኑ ቀለበት ያልተበጠሰ፣ ከሥሩ ያለው ሽፋንም ያልተነካ ይሁን። ሲከፍቱት የተቃጠለ ሽታ ካለው ይመልሱት። ባዶውን ዕቃ ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት በቢላ ይብሱት፤ አለዚያ ተጣርቶ የነጣ አሮጌ ዘይት ተሞልቶ ሊመለስልዎ ይችላል።

ሲቀይሩ ሞተሩን 5 ደቂቃ ያሙቁት፣ አሮጌውን ያፍስሱ፣ የዘይቱን ማጣሪያ ወንፊት በቤንዚን ይጠቡ። አዲሱን ጨምረው ሞተሩን ጥቂት አስነስተው ያጥፉት፤ ትንሽ ቆይተው በመለኪያው ዘንግ ይዩ። ባጃጁ ሜዳ ላይ መቆም አለበት፤ ደሴ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ከላይኛው መስመር ካለፈ ይቀንሱ፤ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ በአየር ማጣሪያው በኩልም ይተፋል።