ኮምቦልቻ ያላችሁ የጣራ ፎይል ሳታስገጥሙ ይቺን አንብቧት

ጀመዓ ሰላም ናችሁ፣ እኔ ተሸውጃለሁ እናንተ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው። ያ "ሙቀት መከላከያ" እያሉ በጥቅል የሚሸጡት ብርማ ነገር አለ አይደል፣ መሀሉ ፊኛ ፊኛ ያለው፣ እሱን ጣራዬ ላይ አስገጥሜ ይኸው ግንቦትን ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ስቆላ ከረምኩ።

ሰውየው ሲያሳምነኝ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ደሴ ወስዶ የሰራውን ቤት አሳየኝ። ከሰአት 8 ሰአት ላይ ገባን፣ ቤቱ ቅዝቅዝ ያለ፣ እኔም ማሻአላህ ብዬ እዛው ቀብድ ቆጠርኩለት። አሁን ሳስበው በራሴ ነው የምስቀው፣ ጦሳ ተራራ ስር ያለ ቤት ለመቀዝቀዝ ፎይል ምን ያደርግለታል! ደሴ ከኛ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ በከፍታው ብቻ 4 ዲግሪ አካባቢ ልዩነት አለው። ስለዚህ ናሙና አሳየኝ ካላችሁ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ፣ ፀሀይ ላይ ያለ ቤት ይሁን፣ ቀን ደግሞ እንጂ ማታ አይደለም።

ፎይሉ ራሱ ውሸት አይደለም እሱን ልንገራችሁ። ንፁህ አሉሚኒየም የጨረር ሙቀትን 95 ፐርሰንት አካባቢ ይመልሳል፣ ግን ብርማው ፊት ለፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ነው፣ ቢያንስ 2 ሳንቲ። የኔው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ብርማ፣ ሌላው ነጭ ፕላስቲክ፣ እና ልጆቹ ብርማውን ወደላይ አድርገው ቆርቆሮው ላይ በማስቲሽ ለጠፉትና ሄዱ። እንደዛ ሲጣበቅ ምንም የሚመልሰው ነገር የለም፣ ሙቀቱ በንክኪ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ አሉሚኒየም እኮ ድስት የሚሰራበት ነው። የሚገርመው ገልብጠው ብርማውን ወደ ኮርኒሱ ቢያዞሩት ይሻል ነበር፣ ምክንያቱም ብርማ ነገር ቢግልም እንኳ ሙቀቱን ወደታች ብዙ አይለቅም።

ሌላው ደግሞ "4 ሚሊው ፎይል 10 ሳንቲ ፎም ይተካል" የሚሏት ነገር፣ ወላሂ እሷን ከሰማችሁ ውጡ። የቆመ አየርም ፎምም ሙቀት የሚያሳልፉት ተቀራራቢ ነው፣ ስለዚህ ውፍረት በውፍረት ነው ነገሩ፣ 4 ሚሊ ያው 4 ሚሊ ነው (ፎም የምትሉም ብትሆኑ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ በደንብ ይሸፈን)። የጣራዬን የአየር መውጫ ቀዳዳም "ንፋስ ያስገባል" ብለው ደፍነውት ሄደዋል፣ የታመቀው ሙቀት በየት ይውጣ?

ላስነቅለው ስሞክር ማስቲሹ ብርማውን ይዞት ቀረ፣ እጄ ላይ የመጣው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። አሁን ቀዳዳዎቹን አስከፍቼ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም ላስቀባ ነው። ሰውየው ስልክ አያነሳም፣ ቀሪውን 3,000 ብር እስክከፍለው ድረስ ግን በቀን ሶስቴ ነበር የሚደውለው።