ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ የውስጥ ደዌ ክሊኒክና የፓራታይሮይድ ምርመራው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የሚገኘው ይህ ክሊኒክ ከውጭ ሲታይ ከጎረቤቶቹ የሚለየው ነገር የለም፤ እናቴን ይዤ የሄድኩትም ለቤታችን ስለሚቀርብ ብቻ ነው። የኩላሊት ጠጠሯ እየተመላለሰባት፣ አጥንቷን እየቆረጠማት፣ በየሄደችበት ማስታገሻ ሲሰጣት ኖራለች። እዚህ ያገኘናቸው ሐኪም ግን ሁለቱን ሕመሞች የሚያገናኝ አንድ ምክንያት ፈለጉ፤ በአንድ ጊዜ ከተቀዳ ደም ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ውስጥ ካሉ ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ፣ ካልሲየምን ከአጥንት እያወጣ በደም ውስጥ ከፍ የሚያደርግ) አብረው እንዲለኩ አዘዙ።

ክሊኒኩን የማመሰግነው በዋናነት በዚህ ነው። ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ጤነኛ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሳለ ሆርሞኑም ከፍ ካለ፣ ወይም መውረድ ሲገባው ባለበት ከቆየ፣ ጥርጣሬው በዕጢዎቹ ላይ ያርፋል። የእናቴ ካልሲየም 11.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን የመደበኛው ጣሪያ 10.5 ነበር፤ ሆርሞኗም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ አልቡሚን (በደም ውስጥ ካልሲየምን የሚሸከም ፕሮቲን) እና ቫይታሚን ዲ አስለክተው፣ የምትወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ካልሲየም ከሚጨምሩት ዓይነቶች አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ አንገት በወረቀት ላይ ሥለው ከታይሮይድ ጀርባ ያሉትን፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሳዩን። «እማማ፣ ብዙ ጊዜ የምታስቸግረው ከአራቱ አንዷ ናት፤ እብጠቱም ካንሰር የሚሆነው ከመቶ ሰው በአንዱ እንኳ አይደለም» አሏት። በጎረቤት ምክር የተወችውን ወተትም መልሰው ፈቀዱላት፤ ካልሲየም ከምግብ ሲጓደል ዕጢዎቹ ይበልጥ ይነሳሳሉና።

የአልትራሳውንድ ክፍሉ ግን በዚህ ደረጃ አይደለም። ባለሙያው እንቅርት መኖር አለመኖሩን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት ሰጠን፤ ሐኪሙን ሳናገኝ ብንሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። በዚህ ሕመም ምስል የሚያስፈልገው ያበጠችው ዕጢ የት እንዳለች ለቀዶ ሐኪሙ ለማመልከት እንጂ፣ በደም የተረጋገጠውን በሽታ ለመሻር አይደለም። ሆርሞኑን የሚለካ መሣሪያም ስለሌላቸው ናሙናው ወደ መሀል ከተማ ይላካል፤ ተጨማሪ ክፍያውን የነገሩን ደሙ ከተቀዳ በኋላ መሆኑ አላስደሰተኝም።

ቀዶ ሕክምናው በሌላ ሆስፒታል ተደርጎ ዕጢዋ ወጣች። ክትትሉን ግን ወደዚሁ ክሊኒክ መለስነው፤ ከቀዶው በኋላ ካልሲየም ሊወርድ ስለሚችል ከንፈሯን ወይም ጣቶቿን ከደነዘዛት ተራ ሳትጠብቅ እንድትገባ ሐኪሙ ካርዷ ላይ ጽፈውላታል፣ ካርድ ክፍሎቹም አክብረውታል።