ተጠንቀቁ፦ ደንገጎ ላይ ወደ ግራ የታጠፈው ኮንትራት

ትናንት ከሰዓት ነው አዲስ አበባ የገባነው። እናቴ አጠገቤ ተኝታለች። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ድሬዎችና ሐረሮች፣ በዚህ ክረምት ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ኮንትራት መኪና ለመያዝ ያሰባችሁ ካላችሁ አንብቡኝ።

ደላላውን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት ቢጤውን ታውቁታላችሁ። አሸዋ አካባቢ ካፌ በር ላይ ሁለት ስልክ ይዞ የሚቀመጠው፣ ገና ሳትጠይቁት «አቦ፣ አታስብ፣ መኪናው አዲስ ነው» የሚለው። ፎቶ ያሳያል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ከዚያ ስልኩ ይያዛል።

የእናቴ የሐኪም ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ለወራት የጠበቅነው ቀጠሮ ነው። ጉልበቷ አውቶብስ ላይ አያስቀምጣትም። ባቡሩ እኛ በፈለግነው ቀን አልነበረም። አውሮፕላኑን ደግሞ ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ለሕፃኑና ለእኔ ኪሴ አልቻለውም። ስለዚህ መኪና።

በሐምሌ መኪና ማለት ደግሞ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ አርበረከቴ ማለት ነው። ድሬ ፀሐይ እየጠበሰን ደጋው ላይ ምን እንደሚወርድ ለድሬ ሰው አይነገረውም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ሰፈር ጠርጎ ሲሄድ ውሃው የወረደው ከዚያው ከደጋው ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ደመና ወደ ደንገጎ ሲጠጋ ወሬ ታቆማለች።

እኔም በጣም አሰብኩበት። አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። ዴንቨር የሚኖር ወንድም አለኝ። እዚያ ተራራውን በሚያቋርጠው ኢንተርስቴት 70 ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት ሳይይዙ መገኘት ያስቀጣል። ወንድሜ በእነሱ ክረምት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ሲነዳ ተራራውን ትቶ እስከ ታች ወርዶ በቱሳን በኩል ይዞራል። ስንት ሰዓት ይጨምርበታል፣ ግድ የለውም። «ዝቅ ያለ መንገድ ካጣህ ከፍታውን በጠራራ ቀን እለፈው፣ ጎማህን አይተህ ውጣ» አለኝ። እኔም «እኛ ጋ በረዶ የለም እኮ» ብዬ ሳቅኩበት። ይቺን ሳቅ ያዙልኝ።

ምክሩን ግን ወሰድኩ። ወረቀት ላይ በሰዓት በሰዓቱ ጻፍኩት። ከድሬ 12 ሰዓት መነሳት። 2 ሰዓት ተኩል ቁልቢ። ከሰዓት በኋላ ያለው ዝናብ ሳይመጣ ሂርናን ማለፍ፣ 6 ሰዓት ላይ ሚኤሶ። ከዚያ ቆላ ስለሆነ ቢመሽም ችግር የለም፣ አዋሽ ምሳ። ቀጠሮው ከቁልቢ ንግሥ በኋላ መዋሉ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐምሌ 19 በዚያ መንገድ መንዳት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወረቀቱን ለደላላው ሰጠሁት። አነበበው። «አንተማ ኢንጂነር ነህ» አለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሌላ ሰው በ27 ሺህ እያለኝ እኔ 32 ሺህ የተስማማሁት ለዚች ወረቀት ነው። ትርፍ ሰው የለም፣ ጭነት የለም፣ ጎማው አዲስ፣ ፎግ ላይቱ የሚሠራ፣ መነሻው 12 ሰዓት። 15 ሺህ ቀብድ ከፈልኩ። ታርጋ አልጠየቅኩም። ሊብሬ አላየሁም። ፎቶ አይቼ ገንዘብ ሰጠሁ፣ በቃ።

መኪናው 2 ሰዓት ከ20 ላይ መጣ። ፎቶው ላይ ነጭ ዶልፊን ነበር። የመጣውም ነጭ ዶልፊን ነው፣ በዕድሜ ግን የፎቶው አባት ይሆናል። ፎግ ላይት መሆን የነበረበት ቦታ ሽቦ ተንጠልጥሏል። የኋላውን ጎማ በእጄ ዳሰስኩት፣ መላጣ ነው። ሾፌሩ ቆሞ ያየኛል። «ጎማ ልትገዛ ነው እንዴ?» አለኝ። እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ «ለነዳጅ» ብሎ ቀሪውን 17 ሺህ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። አዎ፣ ከድሬ ሳንወጣ ሙሉውን።

ደንገጎን ወጣን። አየሩ ቀዘቀዘ፣ እናቴ ነጠላዋን ደረበች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ዘግይተንም ቢሆን እንደርሳለን ብዬ ልቤ ተረጋጋ። መገንጠያው ጋ ደረስን። የእኛ መንገድ ወደ ቀኝ ነው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፦ ቀኝ ቁልቢ፣ ግራ ሐረማያ። ሾፌሩ ፍሬቻ እንኳን ሳያሳይ ወደ ግራ ታጠፈ።

«ወንድሜ፣ ተሳሳትክ» አልኩት።

ዝም።

«ወንድሜ፣ አዲስ አበባ በዚያ ነው።»

በመስታወቱ አየኝ። «አወዳይ አንድ ነገር አለችኝ። አምስት ደቂቃ።»

«ጭነት የለም ብለን ተስማምተናል እኮ!»

«ከማን ጋር?»

«ከደላላው ጋር።»

«እንግዲያ እሱ ይንዳልህ» አለኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

እናቴ «ልጄ፣ ቀጠሮ አለብኝ፣ ጉሙ ሳይመጣ...» ስትለው ደግሞ «እማማ፣ ጉም ሲመጣ መብራት እናበራለን» አላት። የትኛውን መብራት? ድሬ አንቱታ እንደሌለ አውቃለሁ፣ እሱ አላናደደኝም። ያናደደኝ ዞር ብሎ እንኳን ሳያያት መመለሱ ነው። ያኔ መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ገንዘቡ እሱ ጋ ነው፣ ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ነው፣ ሕፃኑ ተኝቷል። ዝም አልኩ።

አምስት ደቂቃው አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ያለቀው። ነጋዴው ይደውላል፣ አይደውልም። ሾፌሩ ራሱ ሰው ቤት ገብቶ በርጫ ላይ ተቀምጧል። እኛ መኪና ውስጥ። በመጨረሻ ጫቱ በማዳበሪያ በማዳበሪያ መጣ። ላይ ሞሉት፣ ኋላ ሞሉት፣ የተረፈውን እናቴ እግር ስር። የታመመ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ከአወዳይ የወጣነው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጫት የጫነ ሰው እንዴት እንደሚነዳ ልንገራችሁ? አያስፈልግም። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። ያ ሁሉ ሰዓት ያልቸኮለ ሰው አሁን በረረ። ቁልቢን ስናልፍ እናቴ «ገብርኤል፣ አንተ አውጣን» ስትል ነበር። ከጨለንቆ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ሂርና ሳንደርስ በረዶ ሆነ። ወላሂ አስፋልቱ ነጣ! መላጣው ጎማ አንድ ጊዜ ሸተት ሲል የእህቴ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አርበረከቴ ላይ ደግሞ ጉሙ ዋጠን፣ ከፊታችን ያለው አይሱዙ የሚታየን ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው።

እዚያ ነው ሾፌሩ መስታወት ሊወለውል የቆመው። የዝናብ መጥረጊያው አንደኛው አይሠራም ነበር። ስልኬን አብርቼ ዳሽቦርዱን አየሁ። ሎዝ ወረቀት ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱ ላይ የእኔ ጽሑፍ። «2፡30 ቁልቢ» የምትለዋ ከቅርፊቱ ስር ትታያለች። ለካ ደርሶታል። ከደላላው ጋር ምን እንደተስማማሁ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር።

አሰበ ተፈሪ ስንደርስ «ከዚህ በኋላ በሌሊት አልነዳም» አለ። ሌላ መኪና መጣና ጫቱን ገልብጠው ሄዱ። እኛ አደርን። ጫቱ አዲስ አበባ ከእኛ ቀድሞ ገባ። ጠዋት ሾፌሩ ለአዳር 2 ሺህ ብር ጨምር አለኝ፣ ካልጨመርኩ ሻንጣ እንደማያወርድ ነገረኝ። ጨመርኩ።

ቀጠሮው አለፈ። አዲሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እናንተ እንኳን ታርጋና ሊብሬ ፎቶ አንሱ፣ ከራሱ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩ፣ ግማሹን ገንዘብ ስትደርሱ ስጡ። ጎማውን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ።

ዛሬ ጠዋት ደላላው ጋ ደወልኩ። አነሳው፣ ይገርማል። ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ አዳመጠኝና «አቦ ይቅርታ፣ ለመልሱ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ። ስንት አልኩት። «2 ሺህ።»

የአዳሩን ብር።