ቲኬሲ 80፦ ለኮረኮንች የቆመ ጥርስ

የጀርመኑ ኮንቲኔንታል ኩባንያ ቲኬሲ 80 ብሎ የሚሸጠው ጎማ አስፋልትና ኮረኮንች እያፈራረቁ ለሚጓዙ ሞተር ሳይክሎች የተሠራ ሲሆን፣ ገና ሲታይ ዓይን ውስጥ የሚገባው ተራርቆ የቆመው ትልልቅ ጥርሱ ነው። ብዙ ገዢ ጎማ ሲመርጥ ጥርሱን በጣቱ ለክቶ «ይሄ ጥልቅ ነው፤ መሬት ይይዛል» ይላል። ለደረቅ አስፋልት ግን ይህ አያስኬድም። እዚያ የሚይዘው መሬት የነካው ላስቲክ እንጂ በመካከሉ ያለው ክፍተት ስላልሆነ፣ የአስፋልት ውድድር ሞተሮች በደረቅ ቀን ጥርስ በሌለው ልሙጥ ጎማ ይሮጣሉ። ክፍተቱ የሚያስፈልገው አስፋልት ሲርስ ውሃውን ለማስወጣት፣ ከአስፋልት ውጭ ደግሞ ጥርሱ ልል አፈር ውስጥ ገብቶ እንዲቧጥጥ ነው።

ቲኬሲ 80 የሚመዘነውም በዚሁ ነው። የመካከሉ ጥርስ አግድም ጠርዝ ነዳጅ ሲሰጥና ፍሬን ሲያዝ አፈሩን ይነክሳል፤ የዳሩ ጥርስ ደግሞ ሞተሩ ሲያጋድል ተራውን ይረከባል። ጠጠር በተበተነበት ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው መሪውን ሲታዘዝ በእጅ ይታወቃል፤ እኔ በዚህ ጎማ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እርጥብ አስፋልት ላይም ከመልኩ የተሻለ ይይዛል። ዋልካ ጭቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ አልወጣ ይላል፣ ያን ጊዜ ጎማው ልሙጥ እንደሆነ ቆጥሮ ቀስ ማለት ይገባል።

ዋጋው የሚከፈለው አስፋልት ላይ ነው። ተለያይቶ የቆመ ጥርስ በፍጥነት ሲነዳ ይተጣጠፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከመንገድ ጎማ ቀድሞም ያልቃል። ጥርሱም እኩል አያልቅም፤ ለረጅም ጊዜ በሠራ ጎማ ላይ መዳፍዎን ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያሳልፉ ለስላሳ ይሆንልዎታል፣ ወደ ሌላው ቢመልሱት ግን የየጥርሱ ስለት ቆዳዎን ይይዘዋል። ይህ የንድፉ ተፈጥሮ እንጂ የምርት ጉድለት አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት የጎኑን ጽሑፍ ያንብቡ። በአንዱ የኋላ ጎማ ላይ «150/70 ቢ 17 69 ኪው» የሚል አለ፤ ስፋቱ 150 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቢ የውስጥ አሠራሩ ዓይነት፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው። 69 እስከ 325 ኪሎ ግራም መሸከሙን፣ ኪው ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። የተመረተበትን ጊዜ የሚናገሩት አራት አኃዞች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2323 ከሆነ በአውሮፓውያን 2023 በ23ኛው ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ላስቲክ ስለሚደርቅ፣ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም በሙሉ ዋጋ አልገዛውም።

ሲገጠምም በቦታው መገኘት ይበጃል። አንድ ጎሚስታ ቤት የፊቱን ጎማ መስመር ከኋላው ጋር ለማመሳሰል ብለው በጎኑ ላይ ያለውን የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ገልብጠው ሲገጥሙ አይቻለሁ። የኋላ ጎማ በዋናነት የሞተሩን ግፊት፣ የፊቱ ደግሞ የፍሬኑን ጫና ስለሚቀበል ኃይሉ የሚመጣባቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ በብዙ ጎማዎች የፊቱና የኋላው መስመር ተቃራኒ የሚሆነውም ሆን ተብሎ ነው። ቀስቱን ማመን ይበቃል።

ጉዞው በአብዛኛው ኮረኮንች ለሆነ ሰው ቲኬሲ 80ን ያለማመንታት እመክራለሁ። በአብዛኛው አስፋልት ለሚነዳ ግን የመካከሉ ጥርስ የተያያዘ ጎማ ይሻለዋል። በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ቲኬሲ 80ን ከፊት፣ የተያያዘውን ከኋላ ቢያደርግ ይጠቀማል፤ ቶሎ የሚያልቀው የሞተሩን ጉልበትና አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው የኋላው ነውና።