«የቃሪያ ቫይታሚን» እየተባለ በፌስታል የሚሸጠውን ነጭ ፍሬ አትግዙ

ወገኖቼ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ቃሪያ ለመትከል ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡልኝ። እኔ ገንዘቤንም የሦስት ወር ድካሜንም ከስሬበታለሁ።

መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ከአንዱ 12 የቃሪያ ችግኝ ገዛሁ። ሻጩ «የተዘጋጀ አፈርም አለ፣ ምንም አትቀላቅይበትም» አለኝ። ችግኞቹን በተቆረጠ ጀሪካን ልተክል አምስት ከረጢት አስጫንኩ። ከዚያ በትንሽ ፌስታል የታሰረ ነጭ ድቡልቡል ፍሬ አወጣ። «የቃሪያ ቫይታሚን ነው። በሳምንት ለእያንዳንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስጪው፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራልሻል።» ፌስታሉ ላይ አንድም ጽሁፍ የለም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

በሰጠኋቸው በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ አጠጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሰባቱ ሞቱ። ደንግጬ ለቀሩት አምስቱ በጣቴ እየቆነጠርኩ ብቻ መስጠት ጀመርኩ። እነሱ ደግሞ አደጉ። ቅጠላቸው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመታቸው እስከ ወገቤ። ጎረቤት ሁሉ ያደንቅልኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ግን አበባ የለ፣ ፍሬ የለ።

የአክስቴ ልጅ የእርሻ ባለሙያ ናት። መጥታ አየችና ነጩን ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራ አማሰለችው። «ያዢው እስቲ» አለችኝ። ብርጭቆው ከፍሪጅ የወጣ ይመስል ቀዝቅዟል፤ ፍሬው ሟሙቶ አልቋል። ዩሪያ ነው። ገበሬው ጤፍና ስንዴ ላይ የሚበትነው ያው ዩሪያ። 46 በመቶው ናይትሮጅን ሲሆን ፎስፈረስም ፖታሲየምም የለበትም። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ ያሳድጋል፤ ሲበዛ ቃሪያው ቅጠል ማውጣቱን ይዞ ማበቡን ይተዋል። ማሳ ላይ ዩሪያ በሰፊው ይበተናል። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ግን ያ ሁሉ ማንኪያ አንዲት ሥር ላይ ነው የሚያርፈው። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ጨው ውሃ ይሆንና ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ችግኞቼ አፈራቸው እርጥብ ሆኖ በውሃ ጥም የደረቁት ለዚህ ነው። ይህን ስሰማ አንጀቴ አረረ።

አፈሩም ሌላ ጉድ ነው። ከረጢቱ ከላይ ጥቁርና ለስላሳ ነበር። ገልብጠን ስናየው ከታች ዋልካ እና ገና ያልበሰለ ፍግ ነው። ዋልካ ብቻውን ለጀሪካን አይሆንም። ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የቃሪያ ሥር ደግሞ ውሃ የሚቋጥር አፈር አይችልም። ያልበሰለ ፍግ ይሞቃል፣ ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁን እስከ ክርን ከታች አስገቡና አሽትቱት። የበሰለ ኮምፖስት ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ነው የሚሸተው። አፍንጫ የሚቆነጥጥ የሽንት ሽታ ካለው ተዉት።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። «ሌላ ሰው አላማረረም» ብሎ ገንዘቤን ሳይመልስ ሸኘኝ።

አሁን የምጠቀመው የአክስቴ ልጅ የነገረችኝን ነው፤ ሦስት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ጀሪካኑ ከታች በደንብ የተበሳ። ማዳበሪያ መግዛት ካለባችሁ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን በሦስት ቁጥር የተጻፈበትን ብቻ ግዙ። ማበቢያው ሲደርስ ሦስተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ያላነሰውን ምረጡ።

ነጩን ፍሬ አድርጋችሁበት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ከላይ የቀረውን ልቀሙ። ከዚያ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱበት፣ እጥበቱ ይዞት ይወርዳል። እኔ ለአምስቱ እንደዚያ አድርጌ አፈራቸውንም ቀየርኩ። በዚህ ሳምንት ሁለቱ እንቡጥ ይዘዋል።