የ23 ሰዓት እንግዳ፦ የአእምሮ ጤና ቀውስ ማዕከል ከሌሊት ተረኛ ዓይን

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የአእምሮ ጤና ቀውስ መቀበያ ማዕከል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የምሠራ የሳይካትሪ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም የአእምሮ ሕመምተኞችን መርምሬ መድኃኒት የማዝዝ በከፍተኛ ደረጃ የሠለጠንኩ ነርስ ነኝ። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ ነቀፌታዬን ለማለስለስ ሳይሆን የምነቅፈው ነገር የአንድ ቤት ብቻ ጉድለት ስላልሆነና የታካሚዎቼ ምስጢርም በዚያው እንዲጠበቅ ስለምፈልግ ነው። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያደረጉኝ ሁለት ዓይነት ጠያቂዎች ናቸው። አንደኛው «ወንድሜ ሦስት ቀን አልተኛም፣ ወዴት ልውሰደው?» የሚል ቤተሰብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በነርስነት ዓመታት ሠርቶ፣ ማስተርሱን በማታ ትምህርት ጨርሶ «ክራይሲስ ላይ ሥራው እንዴት ነው?» የሚል የሙያ ባልደረባ ነው። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ቤቱ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል፣ መሸኘት ግን ገና አልተማረም።

አገልግሎቱን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የቀውስ አገልግሎት መመሪያ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተቀምጠዋል፤ የሚደወልለት ሰው፣ ወደ ቤት የሚመጣ ሰው እና የሚኬድበት ቦታ። እኛ ሦስተኛው ነን። አልጋ የለንም፤ ያለን ወደ ኋላ የሚለጠጡ ሰፋፊ ወንበሮች የተደረደሩበት አንድ ትልቅ ክፍል ነው። ታካሚው እዚያ ወንበር ላይ እስከ 23 ሰዓት ድረስ ይቆያል። ለምን 24 እንዳልሆነ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱ የሕክምና ሳይሆን የፈቃድና የክፍያ ነው፣ ቀኑ ከሞላ ታካሚው ሆስፒታል አልጋ ይዞ እንደተኛ ሰው ይቆጠራልና። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ይመረመራል፣ መድኃኒት ይጀመርለታል ወይም ይስተካከልለታል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሆስፒታል አልጋ ይሄዳል።

በዚህ ክፍል ውስጥ በሌሊት የመወሰን ሥልጣን ያለን እኛ ነን፤ ነርስ ፕራክቲሽነሮችና ፊዚሺያን አሲስታንቶች (ከሐኪም ጋር ሆነው የሚመረምሩና የሚያክሙ ባለሙያዎች)። ሁለቱም ሙያዎች የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በ1965 ነው፤ የመጀመሪያው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛው በዱክ ዩኒቨርሲቲ። የሁለቱም መነሻ የሐኪም እጥረት ነበር፤ ዛሬም እኔን በሌሊት እዚያ ያስቀመጠኝ ያው እጥረት ነው። ሳይካትሪስቱ በስልክ ወይም በስክሪን ይገኛል፤ በአካል ግን እስኪነጋ የለም። ስለዚህ የመጣው ሰው መጀመሪያ ሆስፒታል መሄድ ያለበት የአካል ሕመምተኛ መሆን አለመሆኑን የምለየው እኔ ነኝ። የደም ስኳሩ ወርዶ የሚቀባዥር ሰው፣ ታይሮይዱ የተዛባበት ሰው፣ ኢንፌክሽን ያናወዛቸው አዛውንት፣ ሁሉም በአንድ በር «አብዷል» ወይም «አብደዋል» ተብለው ይመጣሉ። ከአገር ልጅ ጋር ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች እጨምራለሁ፤ ስለ ጫት እና ስለ ጸበል። ስለ ጫት የምጠይቀው በተለመደው የሽንት ምርመራ ላይ ስለማልተማመን ነው። ስለ ጸበል የምጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ጥያቄው በአክብሮት ሲቀርብ ቤተሰቡ እውነቱን ይናገራል።

አቀባበሉን ከልቤ አመሰግናለሁ። በራችን ላይ ኢንሹራንስ ቀድሞ አይጠየቅም፣ በፖሊስ የመጣም በእግሩ የመጣም በእኩል ይገባል። ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ጋር ያለው ልዩነት ወዲያው ይታያል። እዚያ በሠራሁበት ዘመን የአእምሮ ሕመምተኛ ኮሪደር ላይ፣ ኃይለኛ መብራት ሥር፣ በጥበቃ ተከቦ ለቀናት አልጋ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ ለደረት ሕመም የተሠራ ክፍል ድምፅ ለሚሰማው ሰው አይሆንምና። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚቀርበው ብርድ ልብስና ጭማቂ ነው። ከዚያ ራሱ በሽታውን አልፎ የዳነ፣ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሠራተኛ ጎኑ ይቀመጣል። ይህ ሰው እኔ በሃያ ደቂቃ የማላገኘውን በአምስት ደቂቃ ያገኛል።

ረብሻ ሲነሣም ቤቱ ይሻላል። የአሜሪካ የድንገተኛ ሳይካትሪ ማኅበር በ2012 ባወጣው ምክር መሠረት ከታካሚው ሁለት ክንድ ያህል እንርቃለን፣ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሆናል፣ መድኃኒትም በመጀመሪያ በአፍ እንዲወሰድ ይቀርባል። መርፌና እጅ እግርን ማሰር የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ የፌዴራሉ የሆስፒታል ደንብ፣ እኛም የምንከተለው፣ ለአዋቂ ሰው የሚሰጥ የማሰር ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥና ታካሚው በ1 ሰዓት ውስጥ ፊት ለፊት እንዲመረመር ያስገድዳል። የአንድ ሰዓቱን ምርመራ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝም ያ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልለፍ፤ ቤቱ ከሚታማበት ሁሉ ይህ ይብሳልና። በፌዴራል የጤና ሕግ መሠረት ሕፃን ልጅ፣ ሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ለወላጁ እንዲያስተረጉም አይደረግም። ሆኖም አንድ ሌሊት ፈረቃ ስረከብ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባቱ የሚሰሙትን ድምፅ ለነርሷ ቃል በቃል ሲተረጉምላት ደረስኩ። የስልክ አስተርጓሚ ነበረን፤ መስመሩ ስለቆየ ብቻ ልጁ ይቀላል ተብሎ ነው። ልጁን ወደ ውጭ አውጥቼ ብስኩት ሰጠሁት፣ ከዚያም ለአለቆቼ ጻፍኩ፤ መልሱ «ለሠራተኞች ማሳሰቢያ ተሰጥቷል» የሚል ነበር።

አስተርጓሚ ሲገኝም ነገሩ አያልቅም። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬ የምናገረው አንዲት እናት አሉ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሳያቸው ፋይላቸው ላይ «መሞት እንደሚፈልጉ ተናግረዋል» የሚል ቀይ ምልክት ነበረበት። ራስን የማጥፋት ስጋትን የምንለይበት መጠይቅ የመጀመሪያ ጥያቄው ለመሞት መመኘትን የሚመለከት ነው፤ እሳቸውም በስልክ «ምነው በሞትኩ» ብለው ነበር፤ አስተርጓሚውም አልዋሸም። ነገር ግን «ምነው በሞትኩ» ወጥ ሲያርበትም የሚባል ቃል መሆኑን መጠይቁ ከየት ያውቃል? ወንበር ስቤ ከእሳቸው ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩና «እማማ፣ ምነው በሞትኩ ያሉት እንዲያው ለምሬት ነው ወይስ ልብዎ ቆርጧል?» አልኳቸው። ትንሽ ፈገግ አሉና «ልጄ፣ እንዲህ ያላለች እናት የት አለች?» አሉኝ። እኔም ቀይ ምልክቱን ላነሣ እጄን ወደ ኮምፒዩተሩ ስሰድድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ነገር አለ፤ እሱን ለልጆቼ አትንገሪብኝ» አሉ።

ነጠላቸው ንብረት ሲመዘገብ «ነጭ ሻርፕ፣ 1» ተብሎ በከረጢት ታሽጓል። ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ የፈታው አልነበረም፤ የአገሬ ሴት ገንዘቧንም ምስጢሯንም የምትቋጥረው እዚያ መሆኑን የሚያውቅ በዚያ ፈረቃ አልነበረምና። እሳቸው ያን ሌሊት ወንበሩ ላይ ሳሉ ደኅና ነበሩ። አደጋው በማግሥቱ ከረጢቱ እንደታሸገ ሊመለስላቸው መሆኑ ነበር።

ስለ መሸኘት የምናገረው ለዚህ ነው። በሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ በባርባራ ስታንሊና በግሪጎሪ ብራውን ራሱን ሊያጠፋ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀው፣ በአገሪቱ ሁሉ የምንጠቀምበት የደኅንነት ዕቅድ ስድስት እርከኖች አሉት፤ የመጨረሻው ቤቱን ከአደገኛ ነገር ማጽዳት ነው። በ2018 የታተመ፣ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ይህ ዕቅድ ከስልክ ክትትል ጋር ሲሰጥ፣ በተለመደው መንገድ ከተሸኙት ጋር ሲነጻጸር በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ራስን ከማጥፋት ጋር የተያያዘ ድርጊት በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዕቅዱ ብቻውን ሳይሆን ዕቅዱና ስልኩ አንድ ላይ መሆናቸው ይሰመርበት። በእኛ ቤት ዕቅዱ ሃያ ሦስተኛው ሰዓት ሲቃረብ በጥድፊያ ይሞላል፤ ብዙውን ጊዜም በእንግሊዝኛ ብቻ ታትሞ ይሰጣል። ስልኩ ደግሞ የሚደወለው ሠራተኛ ከተረፈ ነው። በአገራችን እንግዳ የሚሸኝ ሰው እስከ በሩ ብቻ አይሄድም፤ አብሮ ወጥቶ፣ «በል ግባ» ተብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለምኖ ነው የሚመለሰው። እኛ ታክሲ እንጠራና በሩን እንዘጋለን።

ሌላው የሽኝት መንገድ በግዳጅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ በዚህም ላይ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። በቨርጂኒያ ሰውን በግድ የማስተኛት ሥልጣን የእኔ አይደለም። በፖሊስ የተያዘ ሰው እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአካባቢው የአእምሮ ጤና ቦርድ ገምጋሚ ያየዋል፣ ማጅስትሬት የተባለው የፍርድ ሹም ትእዛዙን ይሰጣል፣ ትእዛዙም እስከ 72 ሰዓት ይሠራል። የስምንት ሰዓቱ ሕግ የወጣው በ2014 ነው፤ ከዚያ ቀደም በነበረው ዓመት ኅዳር ላይ የቨርጂኒያው የክልል ሴናተር የክሪ ዲድስ ልጅ አልጋ አልተገኘለትም ተብሎ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ አባቱን በስለት አቁስሎ ራሱን አጥፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ከጠፋ የመንግሥት ሆስፒታል እንዲቀበል ግዴታ ተጥሎበታል። «አንቺ ፈርሚና ይግባልን» የሚሉኝ እናቶች ይህን ቢያውቁ ቂማቸው ይቀንስልኝ ነበር።

988 የተባለውን የራስን ማጥፋትና የቀውስ ስልክ መስመር ለብቻው መገምገም ይቻል ነበር፤ እዚህ ግን አጭር ቃል ይበቃዋል። ቁጥሩ ከሐምሌ 16 ቀን 2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ይሠራል። ስልኩን አማርኛ የሚናገር አማካሪ በቀጥታ አያነሣም፤ ሆኖም ስልኩን ላነሣው ሰው «አምሃሪክ» ማለት ብቻ አስተርጓሚ ያስገኛል። በጽሑፍ መልእክት የሚሰጠው አገልግሎት ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ቀድሞ ጥሪው በስልክ ቁጥሩ የአካባቢ ኮድ ይመራ ስለነበር ከሲያትል ወደዚህ የመጣ ሰው ሲደውል የሚያነሡለት ሲያትል ነበሩ፤ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ከ2024 ጀምሮ ይህን ማስተካከል ጀምረዋል።

ለባልደረቦቼ ስለ ሥራው የምለው ይህ ነው። በ2023 የነርስ ፕራክቲሽነሮች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በአገር አቀፍ ደረጃ 126,260 ዶላር ነበር፤ የሌሊት ጭማሪው ቢታከልበትም ገንዘቡ ብቻውን እዚህ አያቆይም። ሜሪላንድ ከ2015 ጀምሮ ነርስ ፕራክቲሽነር ያለ ሐኪም የስምምነት ወረቀት እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ ቨርጂኒያ ግን የልምድ ዓመታት እስኪሟሉ ወረቀቱን ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የሚፈርምላችሁ ሐኪም በሌሊት ስልክ የሚያነሣ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን የምለው ከራሴ ደርሶብኝ ነው፤ በመጀመሪያው ቤቴ አራት ጊዜ ደውዬ መልስ ያገኘሁት ከነጋ በኋላ ነበር። አዲስ ተመራቂ ሆኖ ብቻውን ለሌሊት የሚቀጠር ሰውም ቢያንስ አንድ ዓመት በቀን ፈረቃ ከሰው ጋር እንዲሠራ እመክራለሁ። ቻርት መጻፉ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ነው፤ የሌሊቴ እኩሌታ ከታካሚ ጋር ሳይሆን ከኮምፒዩተር ጋር ያልፋል።

ነጥብ ስጡ ከተባልኩ ለአቀባበሉ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለሽኝቱ ሁለት እሰጣለሁ። የታመመ ሰው ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የመድኃኒት ጠርሙሶቹን ሁሉ፣ ባዶውንም ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ይምጣ። ገመድ ያለበት ልብስ ስለሚወሰድ በምትኩ ገመድ የሌለው ሱሪ ያምጣ። አስተርጓሚ ሲሰጠውም የአዲስ አበባ፣ የጎንደር ወይም የወሎ ሰው ነኝ ብሎ ይናገር፤ በስልክ ያለው ሰው አነጋገሩን ካልተረዳ ሌላ እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል፣ እኛም እንቀይራለን። ሲወጣ የንብረት ከረጢቱን ከመረከቡ በፊት እዚያው ነርሷ ፊት ያስከፍተው፤ ነጠላ ካለበትም ጫፉን ይፍታ።