ደሴ ላይ ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ፣ ዋጋውን ከደላላ አፍ አትስሙ

በ2017 ሰኔ እናቴ ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ ያለውን ያደግንበትን ቤት በ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ሸጠች። ከ4 ወር በኋላ ያው ቤት ቀለም እንኳ ሳይነካው በ5 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ተሸጠ። ሁለቱንም ጊዜ ያሻሻጠው አንድ ደላላ ነው። ማን እንደሆነ አልጽፍም። እንዴት እንደሠራው ግን ልንገራችሁ፤ ነገ እናንተም ቤት ይመጣል።

ወንድሜ ታሞ ዕዳ ገብተን ነበር። ደላላው ይህን ከሰፈር ሰምቷል። መጥቶ ቡና ጠጣ፣ «አብሽሩ እማማ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ» አላት። በሳምንቱ ሦስት ሰው አመጣ። አንዱ 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ጠራ፣ ሁለተኛው 2 ሚሊዮን 800። ሦስተኛው ግድግዳውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ዋጋ ሳይጠራ ወጣ። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ስለዚህ አራተኛው ሰው 3 ሚሊዮን 400 ሲል ፈጣሪ የላከው መሰላት። ሁለተኛው «ገዢ» ከደላላው ጋር አንድ ቢሮ የሚውል ሰው መሆኑን ያወቅነው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚመጡት ለመግዛት ሳይሆን ተስፋችሁን ለማውረድ የሚመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሰው ዝቅ አድርጎ ስለጠራ የቤታችሁ ዋጋ ያ ነው ማለት አይደለም።

ደላላው ክርክርም ነበረው። «ጎረቤታችሁ ከዚህ የሚሻል ቤት በ2 ሚሊዮን 500 ሺህ ሸጧል» አለን። እውነት ነው፣ ሸጧል። ግን የሸጠው በ2014፣ ጦርነቱ ከተማችንን ነክቶ ካለፈ በኋላ፣ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ለመግባት ሲጣደፍ ነው። ያ የሰላም ጊዜ ዋጋ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዛሬን ቤት በ2014 ብር መተመን እንዴት ይሆናል? ይህን የመጠየቅ ልብ ከመካከላችን ማንም አልነበረውም፤ እኔም ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ይቆጨኛል። የጎረቤት ሽያጭ ስትሰሙ መቼ እንደተሸጠ፣ ለምን እንደተሸጠ፣ በእጅ የተቆጠረው ብር ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የተጠራ ዋጋ አይጠቅማችሁም። የምትፈልጉት የተከፈለውን ነው፣ እሱንም የሚነግራችሁ የሸጠው ሰው ራሱ ነው።

ሌላው ክርክሩ «ቤቱ ጭቃ ነው፣ የሚገዛው ሰው ያፈርሰዋል» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ውሉ ላይ የሚጻፈው የቤቱ ሽያጭ ነው። ገዢው ግን የሚከፍለው በአብዛኛው ለቦታው ነው፦ ለስፋቱ፣ መኪና በር ድረስ ለመግባቱ፣ ለፒያሳ ቅርበቱ፣ ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ይሁን ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ) ለሚለው። ሊያፈርሰው ከሆነ ደግሞ የግድግዳው ጭቃነት ምን ቸገረው? ደላላው ሲነግረን ቦታው «200 ካሬ ገደማ» ነበር። ካርታው ላይ 264 ካሬ ይላል። ካርታው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ አውጥተን አላየነውም።

ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት። አባቴ ከቤቱ ጀርባ ያሠራው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ ያለ ግንብ ለማሠራት ድንጋዩ፣ ሲሚንቶውና የእጅ ዋጋው ስንት እንደሚፈጅ የሠራ ያውቀዋል። በግምቱ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሳም። በተቃራኒው መሬቱ የሚንሸራተትበት ሰፈር ከሆነና ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ ዋጋው በእርግጥ ይወርዳል፣ ይህን አትደብቁ፤ ግን ስንጥቁን የሚያየው ከገዢው ጋር ያልመጣ መሐንዲስ ይሁን። ለአንድ ቀን ሥራው መክፈል ይሻላችኋል። የባንክ ግምት ያላችሁም እሱን የመሸጫ ዋጋ አታድርጉት፤ ባንክ የሚገምተው ብድሩ ባይመለስ እንዳይከስር ነውና ጠበቅ አድርጎ ነው።

አሁን ዋናው፣ እኛን ያሰረን ነገር። 3 ሚሊዮን 400 በተባለበት ማታውኑ 300 ሺህ ብር ቀብድ ይዘው መጡ። «ሌላ ቤት አግኝቷል፣ ካልፈረማችሁ ይሄዳል» ተባልን። እናቴ ፈረመች፣ በማግስቱ ገንዘቡን ለሐኪም ቤቱ ከፈልን። በሦስተኛው ቀን አንድ የአባቴ ጓደኛ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ከእኛ ታች ያለ ያነሰ ቦታ ከወር በፊት ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደወጣ ነገረን። ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። 600 ሺህ ከየት ይምጣ? ዝም ብለን ስማችንን አዛወርን። ቀብድ የተቀበላችሁ ቀን ዋጋው ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውሰዱ፤ እውነተኛ ገዢ ይጠብቃል።

በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሱ የሚሏችሁን አትስሙ፣ ነገ ክርክር ቢነሳ በእጃችሁ ያለው የተጻፈው ብቻ ነው። በስም ዝውውር ፈንታ ውክልና ስጡን የሚሉም አሉ፤ ያ ቤቱን በእናንተ ስም እያለ አትርፎ ለሌላ ለመሸጥ ነው። 2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥና ሌላውን ግብር ማን እንደሚከፍል ደግሞ ከቀብዱ በፊት ይጻፍ። እኛ ሳንነጋገር ቀርተን በመጨረሻው ቀን ሁሉም በእናቴ ላይ ወደቀ።

አክስቴ ኮምቦልቻ ያለውን ቤቷን ልትሸጥ ነው፤ 4 የሚከራዩ ክፍሎች አሉት። የደሴ ዋጋ እዚያ አይሠራም፣ ሜዳ ነው፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ምክንያት ተከራይ ይፈለጋል፣ ቤት የሚታየው በወር በሚያስገባው ነው። በዚህ 6 ወር ውስጥ ኮምቦልቻ ላይ ቤት የሸጣችሁ ካላችሁ በእጃችሁ የገባውን ብር፣ ካሬውንና ሰፈሩን ንገሩኝ። ካርታውን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል፣ ቀብድ ግን እስካሁን አልተቀበልንም።